ድንጋዩን ከጣራው እናውርድ

አንድ ቀን ፎቅ ላይ ውጡና ሰፈራችሁን ቁልቁል እዩት። የምታዩት የቆርቆሮ ባሕር ነው። አዲሱ ያብረቀርቃል፣ አሮጌው ዝጎ በርበሬ መስሏል። በዚያ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ የሌለ ነገር የለም። ድንጋይ አለ። ያረጀ የመኪና ጎማ አለ። ግማሽ ብሎኬት፣ አሸዋ የተሞላ ጀሪካን፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር አለ። ሁሉም እዚያ የወጡት ለአንድ ሥራ ነው፦ ነፋስ ሲመጣ ጣራውን እንዲይዙ።

አይይዙም። ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጮኸው ይህን ለመንገር ነው፤ አይይዙም!

እኛም ቤት ነበሩ። ማድ ቤታችን ላይ ሦስት ድንጋይ ተደርድሮ ነው ያደግሁት። አንድ የሚያዝያ ከሰዓት እናቴ ግቢ ውስጥ በርበሬ አስጥታለች። ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቆረ። ከዚያ አቧራው መጣ፤ በሩ ተወርውሮ ተዘጋ፤ እናቴ "ስጤን!" ብላ ወጣች፣ ሰሌኑን ልትጠቀልል ጎንበስ አለች፣ ግማሹን በርበሬ በቀሚሷ አፍሳ ተመለሰች። አምስት እርምጃ አልሄደችም። ቆርቆሮው ከጥጉ በኩል ተገነጠለና እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገለበጠ። መካከለኛው ድንጋይ ተንከባልሎ ወረደ፤ ያረፈው ሰሌኑ ላይ ነው። ቆርቆሮው ግን አላረፈም። አጥሩን ተሻግሮ፣ የጎረቤታችንን የልብስ ገመድ በጥሶ፣ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ተገኘ።

አባቴ በማግስቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆርቆሮውን አቃንቶ መለሰና ድንጋዩን አራት አደረገው።

ሁላችንም እንደ አባቴ ነን። እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ነፋስ ጣራን ከላይ የሚጫነው ይመስለናል፤ ጉዳቱ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ላይ ሲስበው ነው። በጣራው ላይ የሚሮጠው አየር ቆርቆሮውን ይመጠዋል፤ በተከፈተ በርና መስኮት የገባው ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ነፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከደረሰ፣ አንድ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከግማሽ ኩንታል ይበልጣል። በጣራው ጠርዝና ጥግ ላይ ደግሞ ይብሳል። የናንተ ድንጋይ ስንት ኪሎ ነው? አምስት? አሥር? የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ እንደሚሆንም አትርሱ። ትናንት ያልነቀነቀው ጣራ ዛሬ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ድንጋዩ ጣራውን አይይዝም። ነፋሱ የሚወረውረው ተጨማሪ ነገር ሆኖ ይጠብቃል እንጂ።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። የቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፤ ነፋሱ ግን ቀን መቁጠሪያ አይቶ አይመጣም። በልግ ሲወጣ፣ ክረምት ሲገባ፣ ምድሩ ግሎ ደመናው ከሰዓት በኋላ ተራራ ሲያክል ነው የሚመጣው። ከደመናው ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር አብሮት ይወርዳል፤ መሬት ሲደርስም ወደ ጎን ይረጫል። ዝናቡን ቀድሞ አቧራ አስነስቶ የሚመጣው እሱ ነው። ከመጀመሪያው አቧራ እስከ ትልቁ ነፋስ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሚስማር አይመታም። ሚስማር የሚመታው ዛሬ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት ነው።

"የእኔ ቤት ጠንካራ ነው፤ ኮንክሪት ነው" የምትል ወንድሜ፣ ስማኝ። ቤትህ ይጠንክር። የጎረቤትህ ቆርቆሮ ግን ሲበር አድራሻ አይጠይቅም። የመስኮትህን መስታወት ይዞ ይገባል። ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅህን መንገድ ላይ ያገኛታል። በዚህ ነገር የግል ጣራ የሚባል የለም። የላላው ሚስማር የማንም ይሁን የማን፣ የሁላችንም ነው።

ደግሞ እኛ አብሮ መሥራትን ከማንም አንማርም። እድር አለን! ሰው ሲሞት በግማሽ ሰዓት ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚደረድር፣ ድስት የሚያወጣ፣ ለቅሶ ያልደረሰውን የሚቀጣ ማኅበር አለን። የጥሩምባው ድምፅ ሲሰማ ከእንቅልፉ የማይነሳ የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት፣ የሚነሳው ጣራው ከወደቀ በኋላ ብቻ ለምን ይሆናል? ለቀብር የሚሰበሰበው እድር አንድ ጠዋት ለሚስማር ይሰብሰብ። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ የአንድ ወሩ ለሽቦና ለሞራሌ ይሁን። ሊቀመንበሩን ጠይቁ፤ ጸሐፊውን ያዙት፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ ይሁን።

ይህ ሕልም አይደለም፤ ከእኛ ያልበለጡ ድሆች አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ዛሬ ባንግላዴሽ የሚባለውን አገር የመታው አውሎ ነፋስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ነፋሱ ከባሕር እየመጣ መሆኑን የሚያውቁ ነበሩ፤ ለመንደሩ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ የሚነግር በቂ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመንደር በጎ ፈቃደኞችን አደራጁ። መሣሪያቸው ባንዲራ፣ ሬዲዮና የእጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ማን ቤት አሮጊት እንዳለች፣ ማን ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 "አምፋን" የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ በዚያች አገር የሞተው በአሥሮች የሚቆጠር ነበር። ባሕሩ ያው ነው፣ ነፋሱም መምጣቱን አልተወም። ከተለወጠው አንዱ ጎረቤት ጎረቤቱን ማንኳኳቱ ነው።

እኛስ ማንኳኳት ያቅተናል?

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። በጠዋት ተነሱ፤ ነፋሱ የከሰዓት እንግዳ ነውና ከምሳ በፊት ጣራ ላይ የወጣ ሁሉ ይውረድ። ቆጣሪውን አጥፉ። ጣራው እርጥብ ከሆነ አትውጡ። መሰላሉን ከታች ሁለት ሰው ይያዝ። የወጣው ሰው ሞራሌው ያለበትን፣ የሚስማሩን መስመር ይርገጥ፤ መሐሉን የረገጠ ቤት ውስጥ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ድንጋዩን አውርዱ። በእጅ በእጅ ተቀባበሉት እንጂ አትወርውሩት።

ቀጥሎ ሚስማሩን እዩ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንገቱን ብቅ ያደረገ ሚስማር ካለ ጣራው መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ጣታችሁን ከሥሩ አስገቡ፤ ከገባ፣ ነፋስም ይገባል። መልሳችሁ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ አትምቱት፤ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ እንጨቱም ደክሟል። አጠገቡ አዲስ የቆርቆሮ ሚስማር ከነላስቲኩ ምቱ፤ አሮጌውን ቀዳዳ ድፈኑ። ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የመታችሁት ያፈስሳል። በጠርዝና በጥግ ላይ አትሰስቱ፤ ጣራ የሚገለጠው ከዚያ ጀምሮ ነው። ጫፉ በሞራሌው ሥር አልፎ የወጣ ሚስማር ካለ ከውስጥ አጥፉት፤ የታጠፈ ሚስማር በቀላሉ አይነቀልም። ሞራሌው ራሱ ከወራጁ፣ ወራጁም ከቋሚው ጋር በሽቦ ይታሰር። ቆርቆሮው ሞራሌውን ጨብጦ፣ ሞራሌው ወራጁን ካልጨበጠ ነፋሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟቸው ነው የሚሄደው።

አዲስ ቆርቆሮ የምትገዙ ካላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 የቀጠነ ነው። ነጋዴው ሁልጊዜ አይነግራችሁም። እናንተ ጠይቁ።

ወደ ዛፉ እንሂድ። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶም፣ አጥርም፣ ቤትም ሆኖናል፤ አልክድም። ግን ጣራችን ላይ ያጋደለውን፣ ግንዱ የተሰነጠቀውን፣ ቅርንጫፉ የደረቀውን እያየን ዝም ብለናል። "የእገሌ ዛፍ ነው" እያልን ስንት ክረምት አሳለፍን! ባለቤቱን አነጋግሩት፤ ቡና ጠጥታችሁ ተስማሙ፤ ክረምት ሳይገባ ይቆረጥ። ሽቦ የነካ ወይም ሽቦ አጠገብ ያለ ከሆነ ግን መጥረቢያ አታንሱ፤ 905 ደውላችሁ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞችን ጥሩ። ካልመጡ ደግማችሁ ደውሉ። በየተራ ደውሉ። ሃያ ሰው የደወለበት ነገር የአንድ ሰው ቅሬታ ተብሎ አይታለፍም።

ፎቅ የምታሠሩ ባለሀብቶች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። የባሕር ዛፍ አጣና በሚስማር አያይዛችሁ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ትሰቅላላችሁ፤ ጣውላው ላይ ሰው ታቆማላችሁ። ሰማዩ ሲጠቁር ሠራተኛውን አውርዱት! የቀን ሒሳቡን ሳትቆርጡበት አውርዱት። ማታ ስትሄዱ የተበተነ ቆርቆሮና ፎርም ፎቁ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ከሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ እህታችን አለች።

እድርተኞች ሆይ፣ ድንኳናችንም ራሱ አደጋ ነው። አስፋልት ላይ ካስማ አይገባም፤ ስለዚህ ገመዱን ከመብራት ምሰሶ ጋር እናስራለን። ተዉ! ነፋስ ሲነሳ ሐዘንተኛው ተነስቶ ቤት ይግባ፣ ድንኳኑ ይውረድ። የሚያዝንባችሁ ሰው የለም፤ ሟችም አይቀየምም።

ትምህርት ቤት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ነፋስ ሲመጣ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? "ወደ ሜዳ" ካሏችሁ መልሱ ስሕተት ነው። ሜዳ ላይ የሚበር ቆርቆሮ አለ፣ መብረቅ አለ። ከመስኮት ርቀው፣ ጠንካራው ግድግዳ ጋ ተጠግተው፣ ከዴስክ ሥር ራሳቸውን በክንዳቸው ይሸፍኑ። ይህን አንድ ቀን በሳቅና በጨዋታ ይለማመዱት። ልጅ የተለማመደውን አይረሳም።

ነፋሱ ሲመጣስ?

በርና መስኮት ዝጉ። ከመስታወት ራቁ። ጣራው ሲንጓጓ ወራጁን ጨብጦ ሊይዝ የሚንጠለጠል ጀግና በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ጎትታችሁ አውርዱት። ጣራ ይተካል።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከግንባታ አጥር፣ ከዛፍ፣ ከምሰሶ ራቁ። ባጃጅ የያዝክ ወንድሜ፣ ባጃጅህ ቀላል ናት፤ አንድ ግንብ ቤት ተጠግተህ አቁም፣ ተሳፋሪውን አስገባ። ባለ ሱቅ ነህ? በርህን ክፈት። መንገደኛውን "ግቡ፣ ግቡ" በል። ዕቃ ባይገዙ ምን አለበት?

ጣና ላይ፣ ዝዋይ ላይ፣ ጫሞ ላይ ታንኳ የምትቀዝፉ ሁሉ፣ ነፋሱ ከሰዓት እንደሚነሳ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ደመናው ካስፈራራ አትሻገሩ። የገበያው ቀን ሳምንት ይመለሳል።

ስለ መብረቅ ደግሞ ይህን ያዙ። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ጉርምርምታው እስኪሰማ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠላሳ ሳትደርሱ ከሰማችሁ መብረቁ ወደ እናንተ ሊደርስ ይችላል፤ ግቡ። የመጨረሻው ጉርምርምታ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ብቻውን የቆመ ዋርካ ሥር አትጠለሉ፤ ዝናቡን ያስጥላችሁ ይሆናል፣ መብረቁን ግን የሚጠራው እሱ ነው። ሜዳ ላይ ከተያዛችሁ ከጉብታው ውረዱ፣ ተራራቁ፤ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ አትቁሙ።

እረኛ ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አስቀምጡና ንገሩት፦ "ሰማዩ ከጠቆረ ከብቱን ትተህ ና።" በአፋችሁ ንገሩት፤ አያውቀውምና። ስንቱ ልጅ ከጥጃው ጋር ዛፍ ሥር የሚቀረው መብረቁን ስላልፈራ ሳይሆን ቁጣችሁን የበለጠ ስለፈራ ነው።

በመብረቅ የተመታ ሰው ብታገኙ አትሽሹ። ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም፤ ንኩት፣ አንሱት፣ ትንፋሹን እዩ፣ ከሌለው ደረቱን የመጫን እርዳታ የሚያውቅ ወዲያው ይጀምር፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በወደቀ ሽቦ የተያዘ ሰው ግን ሌላ ነው። እሱን የነካ ሁለተኛ ይሆናል። ሁለቱን አትቀላቅሉ!

ነፋሱ ሲያልፍ ደግሞ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ልጆች ቀድመው ይወጣሉ። ቁሙ። መሬት ላይ የተዘረጋ ሽቦ ሁሉ እሳት አለበት ብላችሁ ቁጠሩ፤ መብራት ጠፍቷል ማለት ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም። ቢያንስ አሥር ሜትር ራቁ፤ እርጥብ መሬት ከሆነ ጨምሩ። አንድ ሰው እዚያው ቆሞ መንገደኛውን ይመልስ፣ ሌላው 905 ይደውል። እሳት ከተነሳ ወይም ሰው ፍርስራሽ ሥር ከተቀበረ አዲስ አበባ ላይ 939 አለ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በር ላይ በጠመኔ ጻፏቸው፤ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይሄዳል።

መብራት በጠፋበት በዚያ ብርድ ማታ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ነፋሱ ያልገደለውን የከሰል ጭስ ገድሎት ያደረ ቤት አለ። ይህን በምክር ሳይሆን በልመና ነው የምናገረው።

በሉ እንግዲህ! ወጣቶች፣ እናንተ ጣራ ትወጣላችሁ። ሽማግሌዎች፣ ዛፍ ያለውን ሰው ታግባባላችሁ። እናቶች፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ከአልጋ እንደማይነሳ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስማቸውን አውጡልን፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው እንመድብ። አቧራው ሲነሳ ያ ሰው የራሱን ስጥ ትቶ ወደዚያ ቤት ይሩጥ። ጥሩምባ ነፊያችን፣ አንተም ዘንድሮ ለሌላ ነገር ትነፋለህ፤ ከወዲያኛው ሰፈር ነፋስ መግባቱን የሰማህ ዕለት ንፋልን።

ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ለበዓል ስትደውሉ "ጣራው እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እናቶቻችን "ደህና ነው" ይላሉ። አትመኑ፤ ፎቶ ይላክ በሉ። ድንጋይ ካያችሁበት ለሚስማር ላኩ።

እኛ ሰፈር የምንሰበሰበው እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከቅዳሴ የሚመለስ 3 ሰዓት ይድረስ። መዶሻ ያለው መዶሻውን፣ ጉጠት ያለው ጉጠቱን ይያዝ፤ ሽቦና ሚስማር እድሩ ገዝቷል፤ መሰላል ከእኛ ቤት አለ። የምንጀምረው ጥግ ካለችው የእማማ ቤት ነው። አምስት ድንጋይና አንድ ጎማ አለባት፤ ትናንት ከአጥሩ ላይ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ።